ከመገልበጡ በፊት የነበረው ክር

መምህር ሕዝቅያስ ሽበሺ ሁለት ነገር አጥብቆ ይወድ ነበር፤ ክራባቱንና የገዛ ድምፁን። ክራባቱን የሀዋሳ ፀሐይም ሆነ የክረምቱ ጭቃ አላስፈታውም። ድምፁን ግን ፕላዝማ ቀማው።

ፕላዝማ ማለት ያኔ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ በብረት ሣጥን ተቆልፎ የተቀመጠው ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። ትምህርቱ በሳተላይት ከላይ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በጥድፊያ። የክፍሉ መምህር ሥራ መክፈት፣ መዝጋትና መብራት ሲጠፋ ማዘን ነው። ሕዝቅያስ ከዩኒቨርሲቲ በማዕረግ የተመረቀ፣ ስለ ህዋስ ማውራት ከጀመረ ምሳውን የሚረሳ ሰው ነበር። ሪሞት ያዥ ሆኖ ቀረ። እኔ ሙክታር እባላለሁ፤ ከሱ ቀጥሎ ባለው ክፍል ኬሚስትሪ እከፍትና እዘጋ ነበር። በመምህራን ማረፊያ ስንገናኝ "የዛሬ ትምህርት እንዴት ነበር?" ስለው "እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሴትዮዋን ጠይቃት" ይለኛል። ሴትዮዋ በስክሪኑ ላይ የምታስተምረው ናት።

ከትምህርቶቹ ሁሉ አንጀቱን የሚያሳርረው ስለ ዲ ኤን ኤ መባዛት የሚናገረው ነበር። ያቺ ክፍለ ጊዜ በመጣች ቁጥር መብራት ይሄዳል። ሴትዮዋ ሁለቱን ክሮች እንደ ዚፕ ትከፍታቸዋለች፤ ገልባጩ ኢንዛይም ሥራውን ሊጀምር ጠጋ ይላል፤ እልም! ጨለማ። በዚህ ምክንያት ለተከታታይ ዓመታት ከትምህርት ቤታችን የወጡ ልጆች ዲ ኤን ኤ እንደሚከፈት እንጂ ከተከፈተ በኋላ ምን እንደሚሆን አያውቁም። አንዳንዶቹ ሕክምና ገብተዋል። አላህ ይጠብቀን።

በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሕዝቅያስ ትዕግስቱ አለቀ። "ቅዳሜ ቅዳሜ ራሴ አስተምራቸዋለሁ" አለኝ። "ባማርኛ፣ በጠመኔ፣ በገዛ ጉሮሮዬ።" ከቢሮ ነጭ ካርቶን ለመነና በዚያ በሚኮራበት የእጅ ጽሑፉ እንዲህ ብሎ ጽፎ የግቢው በር ላይ ለጠፈ፦

"ህዋስ ስህተቱን እንዴት ያርማል? ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ 12ኛ ቢ ክፍል። የፈለገ ሁሉ ይምጣ። መምህር ሕዝቅያስ።"

ያንን ጊዜ ላልኖረበት ሰው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ያኔ "ህዋስ" የሚለውን ቃል ከባዮሎጂ መምህር ይልቅ አብዝተው የሚጠሩት የድርጅት ሰዎች ነበሩ። ድርጅት ሲባል ገዢው ፓርቲ ነው፤ ሌላ ድርጅት ያለ አይመስልም ነበር። አባላቱ የሚሰበሰቡባት ትንሿ ቡድን ህዋስ ትባላለች። መምህሩ ህዋስ አለው፣ ነርሷ ህዋስ አላት፣ ዘበኛው ህዋስ አለው። ሕዝቅያስ ራሱ የአንዱ ህዋስ አባል ነበር፤ ዘወትር ከኋላ ተቀምጦ ያንቀላፋል። ካርቶኑን ሲጽፍ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ የነበረው ኒውክለስ ያለው ህዋስ ብቻ ነበር።

ዳይሬክተራችን አቶ ጉልላት መጽሐፍ የሚወድ ሰው አልነበረም፤ ማስታወቂያ ግን አያመልጠውም። አርብ ረፋድ ላይ ካርቶኑን አነበበው፣ ቆመ፣ እንደገና አነበበው፣ ከነማጣበቂያው ገነጠለው፣ ባጃጅ ጠርቶ ወደ ክፍለ ከተማ ከነፈ። ከሰዓት በኋላ ሕዝቅያስ ተጠራ። ፊቱ አመድ መስሎ "ሙክታር፣ ካልተመለስኩ ለሮማን ንገራት" ብሎኝ ሄደ። ሮማን ሚስቱ ናት።

የክፍለ ከተማው የድርጅት ኃላፊ አቶ ገብረጻድቅ ይባላሉ። ወፍራም፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚቀድም ሰው ናቸው። ሕዝቅያስ ሲገባ ካርቶኑ ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቷል፤ ጉልላት ከጎኑ እንደ ዘብ ቆሟል።

"ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?"

"አዎ፣ ግን እኔ..."

"ማን አዘዘህ?"

"ማንም። በራሴ ነው።"

"በራሱ!" አሉ አቶ ገብረጻድቅ ጠረጴዛውን መትተው። "ሰማህ ጉልላት? በራሱ ተነሳሽነት! እኛ እዚህ እንደ ክፍለ ከተማ ህዋሶቻችን ስህተታቸውን የሚያርሙበትን አግባብ በተመለከተ አቅጣጫ ለማስቀመጥ ስንት ጊዜ ተሰበሰብን? ከላይ በየቀኑ ይደወልልናል። አንድ መምህር ግን ዝም ብሎ ተነስቶ፣ በካርቶን! ተቀመጥ መምህር። ሻይ አምጡለት።"

ሕዝቅያስ ነገሩ የገባው ይኼኔ ነው። "ይቅርታ፣ እኔ ያልኩት የሰውነት ህዋስ ነው" ቢል ታሪኩ እዚያው ያልቅ ነበር። አላለም። ሶፋው ለስላሳ ነው፤ ሻዩ ሎሚ አለው፤ አቶ ገብረጻድቅም ለክፍለ ከተማው የህዋስ መሪዎች በሙሉ በአዳራሽ ሥልጠና እንደሚሰጥ፣ ከዚያ በኋላ ለሱፐርቫይዘርነት እንደሚታሰብ፣ ሱፐርቫይዘር ደግሞ ሞተር ሳይክል እንደሚመደብለት እየነገሩት ነው።

"ስንት ሰው ይመጣል?" ብሎ ጠየቀ ሕዝቅያስ።

"ሁለት መቶ ይሆናል።"

"ማይክራፎን አለ?"

"አለ እንጂ!"

የጨረሰው ማይክራፎኑ ነው። ሞተሩን እንኳ ሊተወው ይችል ነበር።

ወሬው ከሱ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። ሮማን ገበያ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጥ፣ አንደበቷም እንደ መቀሷ የሚቆርጥ ሴት ናት። ያኔ ስኳርና ዘይት የሚገኘው ከሸማቾች ማኅበር በወረፋ ነበር። በማግስቱ ወረፋው ላይ "ባለቤቴ ለካድሬዎቹ ሥልጠና ሊሰጥ ነው" አለች፤ ከዚያ በላይ ምንም አላለች። ከፊቷ የነበሩት ሴቶች ዘወር ብለው አዩዋት፤ አንዷ "እንግዲያ አሳልፏት" አለች። ሮማን ስኳሯን ይዛ ስትመለስ ሕዝቅያስን ሳመችው፤ እሱ እንደነገረኝ፣ ከሠርጋቸው ወዲህ እንደዚያ ስማው አታውቅም።

"ግን ምን ልታስተምራቸው ነው?" አልኩት እኔ።

"ዲ ኤን ኤ።"

"ሕዝቅያስ!"

"ሌላ ምን አውቃለሁ? ርዕሱ እንደሆነ ያው ነው። እኔ ያለውን አስተምራለሁ፣ እነሱ የፈለጉትን ይሰማሉ። አንተ የክሮቹን ሥዕል፣ ቻርቱን ትይዝልኛለህ።"

የሥልጠናው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሏል። ከመድረኩ ጀርባ "ህዋሶቻችን ስህተታቸውን በማረም ልማታችንን ያፋጥናሉ!" የሚል ባነር ተሰቅሏል። በየወንበሩ የታሸገ ውሃ፣ አጀንዳና እስክሪብቶ ተቀምጧል። ሕዝቅያስ አዲስ ቀይ ክራባት አስሯል። ማይክራፎኑን ነካ ነካ አደረገው፤ ድምፁ ከአራቱም ግድግዳ ተመልሶ ሲመጣለት ዓይኑን ጨፈነ።

"የተከበራችሁ የህዋስ መሪዎች" አለ። "አንድ ህዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት በውስጡ ያለውን መመሪያ በሙሉ መገልበጥ አለበት።"

ሁለት መቶ እስክሪብቶ ባንዴ ተነሳ። "መመሪያ" የምትል ቃል ሰምታ የማትነሳ እስክሪብቶ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረችም።

"መመሪያው ረጅም ነው። ከእናት ሦስት ቢሊዮን ፊደል፣ ከአባት ሦስት ቢሊዮን ፊደል። የፊደሉ ዓይነት ግን አራት ብቻ ነው፤ ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ። በሁለት ክር ፊት ለፊት ተጽፏል። እዚህ ኤ ካለ እዚያ ቲ ነው፤ እዚህ ጂ ካለ እዚያ ሲ ነው። ክሮቹ ሲላቀቁ እያንዳንዱ አሮጌ ክር አብነት ይሆንና አዲስ ክር በፊት ለፊቱ ይሠራለታል። ስለዚህ የሚወለዱት ሁለቱ ህዋሶች እያንዳንዳቸው አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ክር ይዘው ይወጣሉ።"

ከመሀል አንድ የቀበሌ አመራር እጁን አወጣ። በዚያ ዘመን አገሩ ሁሉ አንድ መሪ ከአምስት ተከታይ ጋር እየተጣመረ "አንድ ለአምስት" ተደራጅቶ ነበርና ሰውየው አሳስቦታል። "ኤ ከቲ ጋር ብቻ ከሆነ አደረጃጀቱ አንድ ለአንድ ሆነብን። አንድ ለአምስቱ የት ሄደ?"

ሕዝቅያስ ትንሽ አሰበ። "ይህ የታችኛው እርከን ነው" አለ። "ወደ ላይ ስንወጣ እንመለስበታለን።"

"በአግባቡ ተመልሶልኛል" ብሎ ሰውየው ተቀመጠ፤ ጻፈም።

"ገልባጩ ፖሊመሬዝ ይባላል" ብሎ ቀጠለ ሕዝቅያስ። "እጅግ ፈጣን ነው። ግን ይሳሳታል። ከመቶ ሺህ ፊደል አንድ ያህል ቦታ የማይሆነውን ፊደል ያስገባል። የማይሆን ፊደል ፊት ለፊቱ ካለው ጋር አይገጥምም፤ የክሩ ጫፍ ይወላገዳል። ገልባጩ ይህን ያውቃል። ቆም ይላል፤ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አሁን የጻፈውን ራሱ ቆርጦ ይጥላል፤ ትክክለኛውን ይተካል፤ ጉዞውን ይቀጥላል። እዚያው፣ ወዲያው፣ በገዛ እጁ። ኮሚቴ አያቋቁምም። የኔ ሳይሆን የበታቾቼ ጥፋት ነው አይልም።"

ሁሉም አቶ ገብረጻድቅን አየ። አቶ ገብረጻድቅ ሳቁ። አዳራሹም ሳቀ።

"ይህ ነው ግለ ሂስ ማለት!" አሉ አቶ ገብረጻድቅ ጮክ ብለው።

"በዚህ መንገድ ከመቶ ስህተት ዘጠና ዘጠኙ ያህል እዚያው ይታረማል። የተረፈችውን አንዷን ደግሞ ከኋላ የሚመጡ ጠጋኞች ይለቅሟታል። ክሩን እየዳበሱ ይሄዳሉ፤ ጎርበጥ ያለ ቦታ ካገኙ ሁለቱ ፊደሎች አልተስማሙም ማለት ነው፤ ያንን ቁራጭ አውጥተው እንደገና ያስጽፋሉ። በመጨረሻ ከቢሊዮን ፊደል አንድ ስህተት ገደማ ቢቀር ነው። ከዚህ ሁሉ ዓመት የመንግሥት ሥራ በኋላ እንዲህ ያለ ጽሕፈት ቤት አይቼ አላውቅም።"

እንደገና ተሳቀ። ሕዝቅያስ ክራባቱን አስተካከለ። በሕይወቱ ከዚህ የተሻለ ቀን አላየም ብዬ አስባለሁ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከሴቶች ጉዳይ የመጡ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ የሚባሉ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ተቀምጠዋል። ስብሰባ በተባለ ቁጥር ዳንቴል ይዘው ይመጣሉ፤ በርሳቸው ዘመን ከወጡት ውሳኔዎች ይልቅ ከስብሰባ የወጡት የጠረጴዛ ልብሶች ይበልጣሉ ይባላል። ዳንቴሉን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና እጃቸውን አወጡ።

"መምህር፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ሁለቱ ክሮች ካልተስማሙ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው። የትኛው እንደተሳሳተ ጠጋኙ በምን ያውቃል? ደህናውን ቆርጦ ስህተቱን ቢያስቀረውስ?"

ሕዝቅያስን ያኔ ማየት ነበር። ማስተማር ከጀመረ አንስቶ ይህችን ጥያቄ ሲጠብቅ ኖሯል። ተማሪዎቹ የሚጠይቁት "ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይወጣል?" ብቻ ነው። አዳራሹን ረሳ፣ ባነሩን ረሳ፣ ሞተሩን ረሳ። እስከ መድረኩ ጫፍ መጣ።

"እትዬ፣ ዋናው ጥያቄ እኮ ይሄ ነው! ጠጋኙ የሚያምነው አሮጌውን ነው። የሚጠረጠረው ምንጊዜም አዲሱ ክር ነው! ባክቴሪያን ብንወስድ አሮጌው ክር ማኅተም የመሰለ ኬሚካዊ ምልክት አለበት፤ አዲሱ ግን ገና አልታተመበትም፤ ጠጋኙ ማኅተም የሌለውን ይቆርጣል። በኛ ህዋስ ውስጥ ደግሞ አዲሱ ክር ያልተገጣጠሙ ስንጥቆች ስላሉበት በስንጥቁ ይለያል።"

እስክሪብቶዎቹ ቆሙ። አቶ ገብረጻድቅ ማይክራፎን አስመጡ።

"መምህር፣ ግልጽነት ለመፍጠር ያህል ነው። አሮጌው ስትል የትኛው አሮጌ?"

"ከመገልበጡ በፊት የነበረው ነዋ!" አለ ሕዝቅያስ፣ ፊቱ በርቶ።

ቻርቱ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ለባዮሎጂ መምህር መገልበጥ ማለት መቅዳት ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ግን የተገለበጠ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም በግንቦት 1983 የተገለበጠው ደርግ።

"ከመገልበጡ በፊት የነበረው ትክክል ነው እያልክ ነው?"

"ምንም ጥርጥር የለውም!"

"አዲሱ ደግሞ ስንጥቅ አለበት?"

"ብዙ!"

"ስለዚህ ይቆረጣል?"

"አዎ፣ ይቆረጣል!"

"የሻይ ዕረፍት" አሉ አቶ ገብረጻድቅ።

በሻይ ዕረፍቱ ሕዝቅያስ ከመድረክ ወርዶ ወደ ሰዎቹ ሄደ። የሄደበት ጠረጴዛ ሁሉ ባዶ ሆኖ ይቆየዋል። አንድ ቦምቦሊኖ ይዞ ብቻውን ቆሞ "ሙክታር፣ ደክሟቸው ነው?" አለኝ። ከዕረፍት በኋላ ፕሮግራሙ በተደራራቢ ሥራ ምክንያት ተቋርጧል ተባለ።

ሰኞ በትምህርት ቤታችን ግምገማ ተጠራ። ጉልላት ሰብሳቢ ነው፤ አቶ ገብረጻድቅ ከጎኑ ተቀምጠዋል። ካርቶኑን በባጃጅ ይዞ የበረረው ሰው ራሱ ተነስቶ "እኔ ከመጀመሪያውም ጥርጣሬ ነበረኝ" ብሎ ከፈተ። ከዚያ መምህራኑ አንድ በአንድ ተነሱ። የድሮ ሥርዓት ናፋቂ ነው ተባለ። በኢንዛይም ጀርባ ተሸሽጎ መርዝ ይረጫል ተባለ። የስፖርት መምህሩ ባህሩ የሚለው ቢያጣ "ክራባት ማሰሩስ በራሱ ምንን ያመለክታል?" አለ። ቻርቱን የያዘው ማነው ሲባል "ጫፉን ነው የያዝኩት፤ ሥዕሉ ወደናንተ ነበር፣ እኔ ከኋላ አላይም" አልኩ። ይህ ተቀባይነት አገኘ።

ሕዝቅያስ ለማስረዳት ሞከረ። "መገልበጥ ማለት እኮ መቅዳት ማለት ነው።"

"ታዲያ ለምን መቅዳት አላልክም?" አለ ጉልላት።

"ሁለቱም አንድ ነው።"

"አንድ ከሆነ ለምን ያንኛውን መረጥክ?"

ለዚህ መልስ ያለው ባዮሎጂስት እስካሁን አልተወለደም።

ቀኑ ሲገባደድ አቶ ገብረጻድቅ ለስለስ ብለው ተናገሩ። "መምህር፣ የማይሳሳት የለም፤ ቁም ነገሩ መታረሙ ነው፤ አንተው ነህ ያስተማርከን። አሁን ተነስና አዲሱ ክር ነው ትክክል፣ የሚቆረጠው አሮጌው ነው በል። ግለ ሂስ አድርግ። በዚሁ ይታለፋል።"

ሕዝቅያስ ተነሳ። "እንዲያ ከሆነ እኮ ስህተቱ ሁሉ ይጸድቃል" አለ ቀስ ብሎ። "በተገለበጠ ቁጥር ይጨምራል። ህዋሱ ካንሰር ይሆናል።"

"ማነው ካንሰር?" አለ ጉልላት።

ሕዝቅያስ ዞሮ አየን። ሁላችንም ጫማችንን እናይ ነበር። ከዚያ ክራባቱን ላላ አደረገና፣ ያ ጉሮሮ ያለ ማይክራፎን እንኳ አዳራሽ የሚሞላ ነበር፣ በማይሰማ ድምፅ "አዲሱ ነው ትክክል፤ አሮጌው ይቆረጣል" አለ። ተጨበጨበ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ። በዚያ ከሰዓት በኋላ ሀዋሳ ላይ አንድ የተፈጥሮ ሕግ በሙሉ ድምፅ ተሻረ።

ሞተሩን ጉልላት ወሰደው፤ ካርቶኑን በወቅቱ በማቅረቡና የታየውን አዝማሚያ ቀድሞ በመለየቱ። ሮማን ወደ ወረፋው ጭራ ተመለሰች። ከኋላዋ ያለችው ሴት "ናፋቂው ያንቺ ባል ነው አይደል?" ብላት ወረፋውን ቀኑን ሙሉ ስታስቅባት ዋለች። ማታ ሮማን ጨው ያለበት ሻይ አቀረበችለትና "ስኳሩን እስክንቀበል ድረስ እንኳ አዲሱ ነው ብትል ምን ነበረበት?" አለችው። ሕዝቅያስ ሻዩን ጠጣው።

የቅዳሜ ትምህርቱ አልተከለከለም፤ ክትትል ይደረግበት ተባለ እንጂ። ጉልላት ከኋላ ወንበር ላይ የሞተር ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ያቺ ርዕስ ደረሰች። ሕዝቅያስ ሰሌዳው ላይ ሁለት ክር ሣለ፤ አዲሱን በቀይ፣ አሮጌውን በነጭ። "ጠጋኙ" አለ ወደ ሰሌዳው እንደዞረ፣ "ነጩን ይቆርጣል።"

ሶልያና የምትባል ፊት የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ መጽሐፉ ግን አዲሱን ይቆርጣል ነው የሚለው።"

ሕዝቅያስ ጠመኔውን አስቀመጠ። "ፈተና ላይ የሚመጣው መጽሐፉ ነው" አለ። "እኔ የምለው አይመጣም።"

ልጆቹ ተያዩ፤ ገባቸው። ጉልላት ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፤ የገባው ግን አልመሰለኝም።

ከዚያ ወዲህ ሕዝቅያስ ጨዋታ ተወ። በመምህራን ማረፊያም ስለ ህዋስ አያነሳም። እሁድ እሁድ እየጎተትኩ ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል እወስደዋለሁ፤ አሣ ጥብስ በዳጣ እንበላለን፣ ሐይቁን እናያለን፣ እንመለሳለን። አንድ እሁድ እንደዚያ ተቀምጠን ሳለ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ወደኛ መጡ። ሕዝቅያስ ብድግ አለ፤ ለማክበር ይሁን ለመሸሽ አልለየሁም።

"ተቀመጥ መምህር፣ ልገመግምህ አልመጣሁም" አሉና አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀመጡ። ዳንቴላቸውን አላወጡም። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሁለት ወንድሞቼን በትልቁ አንጀት ካንሰር ቀብሬያለሁ። ታናሽየው አርባ አልሞላውም። አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም 'በቤተሰባችሁ ስህተት የሚያርመው ነገር ሳይበላሽ አልቀረም፤ እርስዎም በመሣሪያ ቢታዩ ይሻላል' አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ አፍሬ አልጠየቅኩትም። ያን ቀን አንተን የጠየቅኩህ ለስብሰባው ብዬ አልነበረም። አንተ በአዳራሽ አሮጌው ነው አልክ። ከዚያ ቃለ ጉባኤ ደረሰን፤ አዲሱ ነው ይላል። እኔ የቱን ልያዝ?"

ሕዝቅያስ ግራ ቀኙን አየ። አጠገባችን አሣ የሚበልት ሰውዬና የአሣውን አንጀት የሚጠብቁ አሞራዎች ብቻ ናቸው። ጎንበስ ብሎ "አሮጌውን" አለ በሹክሹክታ።

ከዚያ የሁለት እጁን ጣቶች አገጣጠመና አንዷን ጣት አጣመማት። "ይህችን የሚያቃናት ጠጋኝ በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ አለ። እሱ ራሱ የሚሠራበት መመሪያ ሁለት ቅጂ ነው፤ ከእናትና ከአባት። አንዱ ከውልደት የተበላሸ ቢሆን እንኳ በሌላው ይሠራል፤ ሰውየው ጤነኛ ነው። ግን አንድ ቀን፣ አንድ ህዋስ ውስጥ፣ ያ ሁለተኛውም ከተበላሸ እዚያ ህዋስ ውስጥ አራሚ የለም። ስህተት በስህተት ላይ ይከመራል። አንጀት ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚታደስ ነውና ብዙ ይገለበጣል።" መገልበጥ የምትለውን ቃል ሲናገር ደንገጥ ብሎ ዙሪያውን አየ።

"እንግዲህ እኔም አለብኝ ማለት ነው?"

"አይደለም እትዬ! ከወላጅ የሚወረሰው እንደ ሳንቲም ዕጣ ነው፤ ግማሽ በግማሽ። ወንድሞችዎ ደርሷቸው እርስዎን አልፎዎት ይሆናል። ግን ይታዩ። አንጀት ላይ የበቀለ ትንሽ ሥጋ ሆኖ ሳለ ከተገኘ ቆርጠው ይጥሉታል፤ አለቀ። በየጊዜው እየተመለሱ መታየት ነው።"

ድምፁ ከፍ ብሏል። እጁ እየሠራ ነው፤ አሣው ቀዝቅዟል። ሴትዮዋ ይጠይቃሉ፣ እሱ ይመልሳል፤ ይጠይቃሉ፣ ይመልሳል። አሣ የሚበልተው ሰውዬ እንኳ ቢላዋውን ይዞ ማዳመጥ ጀምሯል። ከፕላዝማ በፊት የነበረውን ሕዝቅያስ እኔ አላየሁትም፣ ግን ይኸው መሆን አለበት።

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ሊሄዱ ሲነሱ እጁን ያዙት። ሕዝቅያስ ዓይኑን ሰበር አድርጎ "እትዬ፣ ከኔ ሰማሁ እንዳይሉ ብቻ" አለ።

ትንሽ አዩት፤ ከዚያ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ደስ አይልም ነበር። "አይዞህ ልጄ" አሉት። "እኔም የአንጀቴን ነገር ለድርጅት ሪፖርት አላደርግም።"

አዲስ አበባ ሄዱ፤ ተገኘባቸው፤ ገና ትንሽ ነበርና ተቆርጦ ወጣ። ተመልሰው ዛሬም ስብሰባ ላይ ዳንቴል ይሠራሉ። ጥያቄ ግን ጠይቀው አያውቁም።

ሕዝቅያስ በሚቀጥለው ዓመት የትምህርት ዓይነት ይቀየርልኝ ብሎ አመለከተ። የባዮሎጂ መምህር እጥረት እያለ እንዴት ይሆናል ብለን ነበር፤ ማመልከቻው በሦስት ቀን ጸደቀ። አሁን ሥነ ዜጋ ያስተምራል። ክራባቱን እንደገና አጥብቆ ያስራል፤ ድምፁም ተመልሷል፤ ፕላዝማውን ዘግቶ ስለ መልካም ዜጋ ሲናገር ከኔ ክፍል ይሰማል። ጉልላት ሞዴል መምህር ብሎ ሸልሞታል። የመጽሐፉ መጨረሻ ላይ "እውቀትን መሻት" የሚል ምዕራፍ አለ። ልጆቹ "ቲቸር፣ እሱስ?" ሲሉት "ጊዜ አይበቃንም፣ ራሳችሁ አንብቡት" ይላቸዋል።